ፍራንክ ዛፓን የሚወዱ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የአሜሪካዊውን ጊታሪስትና የሙዚቃ ደራሲ የፍራንክ ዛፓን ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሰው በቀላሉ አይገኝም። ያሉት ግን አይጠፋፉም። ደብረ ብርሃን ላይ አንዱ ያገኘውን አልበም ለሌላው ይሰጣል፣ ያ ደግሞ ለደብረ ሲናና ለሸዋ ሮቢት ጓደኞቹ በቴሌግራም ይልካል፤ ከዚያ ክርክሩ ይቀጥላል። እኔም ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ። ዛፓ በ1940 ባልቲሞር ተወልዶ በ1993 በ52 ዓመቱ ሲሞት ከ60 በላይ አልበሞች አውጥቶ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌአለሁ)። ሮክ፣ ጃዝ፣ የኦርኬስትራ ሥራ፣ ቀልድ፣ ስድብ፣ ሁሉም አለበት። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲወደድ ፍቅሩ በቀላሉ መንገድ ይስታል፤ ስለ ሰውየው ስናወራ እንውልና ሙዚቃውን ሳንሰማው እንቀራለን። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በሙሉ የዚህ ልጆች ናቸው።

ከመጀመሪያው አልበም ጀምሮ በተራ ለመጨረስ መነሳት

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የ1966ቱን "ፍሪክ አውት" ይከፍታል፣ ግማሹ ላይ ሲደርስ ግራ ይገባዋል፣ "ይህ ሙዚቃ ለእኔ አይሆንም" ብሎ ይተወዋል። አልበሙ ትልቅ ሥራ መሆኑን አልክድም፤ ሮክ ውስጥ ባለ ሁለት ሸክላ አልበም ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ የወጣ ነው። ነገር ግን በአብዛኛው የሚያሾፈው በዚያን ዘመን አሜሪካ ዘፈኖችና ልማዶች ላይ ነው። የሚሾፍበትን ነገር ለማያውቅ ሰው ሹፈቱ አይደርሰውም። ስለዚህ ይቆይ።

በ1969ኙ "ሆት ራትስ" ጀምሩ። ከአንድ ዘፈን በቀር በሙሉ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነው፤ እንግሊዝኛ ማወቅ አይጠይቅም። መክፈቻው "ፒችስ ኤን ሬጋሊያ" አራት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ግን ዜማው እየተለዋወጠ አንዴም ሳይደናቀፍ ያልፋል። ሌላ አልበም ሳትነኩ ይህን ደጋግማችሁ ስሙት። ከዚያ የ1975ቱን "ዋን ሳይዝ ፊትስ ኦል" ውሰዱ። ቀጥሎ የ1974ቱን "አፖስትሮፊ"። ከሞቱ በኋላ የወጡት ሲደመሩ አልበሞቹ ከመቶ በላይ ናቸው፤ ሁሉንም አውርዶ ስልኩን የሞላ ልጅ ሁሉንም ሰምቷል ማለት አይደለም። ሦስት አልበም ከልቡ የሚያውቅ ሰው ከእሱ ይበልጣል።

"እብድ ነው" ብሎ ማድነቅ

ጺሙን፣ ለልጆቹ ያወጣቸውን እንግዳ ስሞች፣ የዘፈኖቹን አስቂኝ ርዕሶች የሚያይ ሰው "ይህ እብድ ነው" ይላል፤ አድናቂውም ቃሉን እንደ ምስጋና ይቀበለዋል። አንዳንዱማ "ሲያጨስ የጻፈው ነው" ይላል። ከዚህ የራቀ ነገር የለም። ዛፓ አደንዛዥ ዕፅ አይወስድም ነበር፤ ሙዚቀኞቹም በጉዞ ላይ እንዳይወስዱ ይከለክል ነበር። ሱሱ ሲጋራና ቡና ነበር። (ሲጋራውን ግን አርአያ አናድርገው።)

የሰውየው መሠረት ኖታ ነው። ገና ልጅ ሳለ ኤድጋር ቫሬዝ የተባለውን ፈረንሳይ ተወላጅ የሙዚቃ ደራሲ ሸክላ ሰምቶ ተማረከ፤ ለ15ኛ ዓመት ልደቱ የፈለገው ስጦታ ወደ ቫሬዝ ቤት የሩቅ ስልክ መደወል ነበር። ደወለም፤ ደራሲው ለሥራ አውሮፓ ስለነበር ያገኘው ባለቤቱን ነበር። የሙዚቃ ድርሰትን በአብዛኛው ከቤተ መጻሕፍት በራሱ ነው የተማረው። ባንዱን ለረጅም ጊዜ ያለማምድ ነበር፤ መድረክ ላይ ደግሞ በእጅ ምልክት ብቻ መላውን ባንድ ከአንድ ስልት ወደ ሌላ በቅጽበት ያዞረዋል። እብደት የሚመስለው ሁሉ የተጻፈና የተጠና ነው። ይህን ሳያውቁ ማድነቅ ድካሙን መካድ ነው።

ከሙዚቃው ይልቅ ወሬውን መውደድ

ስለ ዛፓ የሚወራው ብዙ ነው። መድረክ ላይ አስጸያፊ ነገር በላ የሚለውን ወሬ እሱ ራሱ ደጋግሞ አስተባብሏል፤ አታውሩት። እውነተኞቹም አሉ። በታኅሣሥ 1971 መጀመሪያ ስዊዘርላንድ ሞንትሮ ላይ እየተጫወተ ሳለ አዳራሹ ተቃጠለ። ሳምንት ሳይሞላ ለንደን ውስጥ አንድ ሰው ከመድረክ ገፍቶ ከታች ወዳለው የኦርኬስትራ ጉድጓድ ጣለው፤ ክፉኛ ተጎድቶ ረጅም ጊዜ በተሽከርካሪ ወንበር ቆየ፣ ድምፁም ከዚያ በኋላ ወፈረ።

ይህን ታሪክ የማያውቅ አድናቂ የለም። ከወንበሩ ሳይነሳ የሠራውን ሙዚቃ የሰማው ግን ስንቱ ነው? "ዋካ ጃዋካ" እና "ግራንድ ዋዙ" የተባሉት የ1972 አልበሞች የዚያ ጊዜ ሥራዎች ናቸው፤ በብዙ የትንፋሽ መሣሪያ የተሞሉ፣ ሰፊ፣ ሞቅ ያሉ፣ ወደ ጃዝ ያጋደሉ። ምሬት አይሰማባቸውም። መውደቁን የሚያወራ ሰው ቢያንስ "ግራንድ ዋዙን" አንድ ጊዜ ሰምቶ ያውራ።

አንዱን ዜማ በተለያየ ቅጂ ሲያገኙ "ድግግሞሽ ነው" ማለት

እዚህ ላይ መቆም እፈልጋለሁ፤ የዛፓ ልብ ያለው እዚህ ነውና።

"ኪንግ ኮንግ" የሚለው ዜማ በስንት አልበም እንዳለ ያየ አዲስ አድማጭ "ሰውየው የሚያወጣው ቢያልቅበት ነው" ይላል። እኛ አገር ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዝማሪ ትዝታን ማታ ማታ ይጫወታል፤ ግን የትላንቱ ትዝታ የዛሬው አይደለም፤ እንግዳው ሌላ ነው፣ ስሜቱ ሌላ ነው፣ ግጥሙም እዚያው ይፈጠራል። ለዛፓም ዜማው መነሻ ብቻ ነው። የጊታር ሶሎውን ቀድሞ አያዘጋጅም፤ መድረክ ላይ ያገኘዋል። በ1981 "ሻት አፕ ኤን ፕሌይ ዮር ጊታር" ብሎ ያወጣቸው አልበሞች አብዛኞቹ ከኮንሰርት ተቆርጠው የወጡ ሶሎዎች ናቸው፤ ዘፈን የለም፣ ከሞላ ጎደል ጊታር ብቻ። ከ1988 እስከ 1992 ደግሞ በስድስት ቅጽ ከተለያዩ ዓመታት የመረጣቸውን የመድረክ ቀረጻዎች አሳተመ።

ከዚህም አልፎ ሄዷል። ከአንድ ኮንሰርት የተቀረጸን ሶሎ ወስዶ ፈጽሞ ግንኙነት በሌለው ሌላ ዘፈን ላይ ይጭነዋል። ለዚህ አሠራሩ ራሱ ስም አወጣለት፣ "ዜኖክሮኒ" ብሎ። በ1979ኙ "ሺክ የርቡቲ" ላይ ያለው "ራበር ሸርት" የሚባል አጭር ሥራ ውስጥ ቤዙና ድራሙ ሲወያዩ ትሰማላችሁ፤ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው የሚመልስ ይመስላል። ሁለቱ ግን በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ምት የተቀረጹ ናቸው፤ ሙዚቀኞቹ ያንን ሲጫወቱ አንዱ ሌላውን አልሰማም። ያሰማማቸው ስቱዲዮ ውስጥ በቴፕ ዛፓ ነው።

በዚያው ዓመት የወጣው "ጆስ ጋራዥ" ላይ ያሉት ሶሎዎች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ከሌላ ቦታ መጥተው የተተከሉ ናቸው። ወደ መጨረሻው ግን "ወተርሜሎን ኢን ኢስተር ሄይ" ይመጣል፤ ለዚያው ሥራ ተብሎ የተጫወተው ሶሎ ነው። ዘገምተኛ ነው፣ በዘጠኝ ምት ይሄዳል፣ መክፈቻው ላይ ካለው ንግግር ጋር ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ዛፓን ቀልደኛ ብቻ አድርጎ ለሚያስብ ሰው ይህን አሰሙት። ከጣርማበር ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ፣ ጉሙ ከመስኮቱ ሲለጠፍ፣ እኔ ሌላ ሙዚቃ መስማት አልችልም።

የጻፈውን ግጥም ሁሉ መከላከል

በመስከረም 1985 ዛፓ በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርቦ ተናግሯል። የዋሽንግተን ባለሥልጣናት ሚስቶች የመሠረቱት ቡድን አልበሞች ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይለጠፍ ብሎ ሲጠይቅ እሱ ተቃወመ። ክራባት አድርጎ፣ ጽሑፍ ይዞ፣ ነጥብ በነጥብ። ይህን ስናይ እንኮራለን፤ ልክ ነን።

ግን ሰውየው የመናገር መብቱን መከላከላችን የተናገረውን ሁሉ እንድንወድ አያስገድደንም። ሴቶችን የሚያዋርዱ ዘፈኖች አሉት። "ምጸት ነው፣ አልገባሽም" እያሉ እህትን ወይም የክፍል ጓደኛን ዝም ማሰኘት ነውር ነው። አንዳንዱ ምጸት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ብልግና ነው። ለይቶ "ይህኛው አይረባም" ማለት የሚችል አድናቂ ስለ "ሆት ራትስ" ሲናገርም ይታመናል።

እንግዳውን በከባዱ ሥራ መፈተን

ቡና በሚፈላበት ቤት፣ ጋሼና እትዬ ባሉበት፣ የዛፓን በጣም የሚጮኸውን ቀረጻ ከፍቶ "ካልገባችሁ የእናንተ ችግር ነው" ማለት ፍቅር አይደለም። እትዬ "ልጄ፣ ይህን ነገር ዝጋልኝ" ቢሉ እውነታቸውን ነው። ሌላ ቀን "ፒችስ ኤን ሬጋሊያን" ድምፁን ቀንሳችሁ ክፈቱላቸው።

በስልኩ ስፒከር ብቻ መስማትም እንዲሁ ነው፤ ቤዙ ይጠፋል፣ ማሪምባው (በዱላ የሚመታው የእንጨት መሣሪያ) ይደበዝዛል። ርካሽም ቢሆን ኤርፎን ተጠቀሙ።

አብረውት የተጫወቱትን መርሳት

"ሆት ራትስ" ላይ ኪቦርዱንና የትንፋሽ መሣሪያውን በአብዛኛው የተጫወተው ኢያን አንደርዉድ ነው። በሌሎች አልበሞቹ ላይ ደግሞ ማሪምባውን የሩት አንደርዉድ እጆች ሕይወት ሰጥተውታል። ጆርጅ ዱክ፣ ቴሪ ቦዚዮ፣ ቪኒ ኮላዩታ፣ እነዚህ ሁሉ በእሱ ባንድ ያለፉ ናቸው። ስቲቭ ቫይ መጀመሪያ የተቀጠረው የዛፓን ሶሎዎች ሰምቶ በኖታ ለመጻፍ ነበር። ስማቸውን ፈልጉ፣ የየራሳቸውንም ሥራ ስሙ።

"ሮክ አይደለም" ብሎ የመጨረሻ ሥራዎቹን መዝለል

በ1986 የወጣው "ጃዝ ፍሮም ሄል" ከአንድ የጊታር ሥራ በስተቀር ሲንክላቪየር በሚባል ኮምፒውተራዊ መሣሪያ የተሠራ ነው፤ በ1988 ግራሚ አሸንፏል። በውስጡ "ጂ ስፖት ቶርኔዶ" የተባለ በጣም ፈጣን ሥራ አለ፤ ለማሽን ተብሎ የተጻፈ ነው። በ1992 ኦንሳምብል ሞደርን የተባሉት የጀርመን ሙዚቀኞች ፍራንክፈርት መድረክ ላይ ይህንኑ በእጃቸውና በትንፋሻቸው ተጫወቱት። ዛፓ በዚያን ጊዜ በፕሮስቴት ካንሰር ታሞ ነበር። ቀረጻው "የሎው ሻርክ" ተብሎ ሊሞት አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ወጣ። የማሽኑን ቅጂ አስቀድማችሁ ስሙ፣ ከዚያ የሰዎቹን። ሮክ ነው አይደለም የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ትርጉም ያጣል።

ዛፓን ወድዶ የአገርን ሙዚቃ መናቅ

በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ዛፓን ያገኘ ወጣት "የኛ ሙዚቃ ቀላል ነው፣ ሙከራ የለበትም" ሲል እሰማለሁ፤ ያውም ይፋት አጠገብ ተቀምጦ። ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ የይፋት ተወላጅ ነው። ጦረኛ ወደ ውጊያ ሲሄድ የሚያሰማውን ሽለላ በሳክስፎን የተጫወተ፣ ጎፈር ደፍቶ መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ነበር። ድምፁ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይሰበራል፤ ግን ሽለላውን የሚያውቅ ሰው እያንዳንዱን ሐረግ ይለየዋል። ዘ ኤክስ የሚባሉት የኔዘርላንድ የፓንክ ሙዚቀኞች አብረውት ሠሩ፣ በ2006 "ሞአ አንበሳ" የተባለ አልበም አወጡ። ጌታቸው በ2016 አረፈ። ዛፓን ወድዶ ይህን አልበም ያልሰማ የሰሜን ሸዋ ልጅ ዛሬውኑ ይፈልገው።

ዛፓ ልምምዱን፣ ኮንሰርቱን፣ ወሬውን እንኳ ሳይቀር ይቀርጽ ነበር፤ ቴፖቹን ቤቱ ውስጥ ባለ መጋዘን ያስቀምጣቸው ስለነበር ከሞተ በኋላም አልበሞች እየወጡ ነው። መንዝ ወይም ይፋት ፉከራና ሽለላ የሚያውቅ አያት ያላችሁ ለበዓል ስትሄዱ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ በስልካችሁ ቅረጹ። አታቋርጧቸው። ፋይሉ ላይ ስማቸውን፣ ቀኑንና የቀበሌውን ስም ጻፉ፣ አንድ ቅጂም ቤተሰብ ዘንድ ይቀመጥ።