ሞላሰስን በእርሾ ወደ ኢታኖል መቀየር (ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው)

ሞላሰስ ማለት ከብት አድላቢዎች ጭድ ላይ የሚያርከፈክፉት ያ ጥቁር ዝልግልግ የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት ነው፣ ግማሹ ገደማ ስኳር ስለሆነ እነ ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል (አልኮል) ያወጡበታል።

አንድ እጅ ሞላሰስ በአራት እጅ ውሃ በጥብጡ፣ ሎሚ ጨምቁበትና ፒኤቹ (የኮምጣጣነት ልኩ) 4.5 አካባቢ ሲደርስ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። ትኩስ ላይ እርሾ እንዳትጨምሩ፣ ይሞታል! 30 ዲግሪ አሪፍ ነው። ኮምቦልቻ ብዙም አያስቸግርም፣ የደሴ ብርድ ግን ማታ ማታ ስለሚያስተኛው ጀሪካኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። የዳቦ እርሾ ይበቃል፣ እሱ ራሱ ኢንቨርቴዝ የሚባል ኢንዛይም አውጥቶ ስኳሩን ሰንጥቆ ይበላዋል።

ክዳኑን ጥርቅም አታድርጉት ይፈነዳል፣ በቀጭን ጎማ ጋዙን ውሃ ውስጥ አስተንፍሱት። ቡልቅ ቡልቅ ማለቱን ሲተው፣ በ2 ወይ 3 ቀን፣ አልቋል ማለት ነው። ኢንዛይሙን ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ነው፣ አየር እየነፋችሁ እርሾውን አብዙት፣ ያኔ አልኮሉ ያንሳል፣ ኢንዛይሙ በብዛት የሚቀረው እርሾው ሴል ግድግዳ ላይ ስለሆነ አተላውን እንዳትደፉት።

ማጣራቱ እንደ አረቄ ነው፣ ግን የአልኮሉ እንፋሎት እሳት ይይዛልና ክፍት ቦታ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሁን። በተራ ማጣሪያ ከ95 ፐርሰንት ብዙም አያልፍም፣ ቤንዚን ውስጥ ለመግባት ደግሞ 99 ምናምን ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ለምድጃ እንጂ ባጃጅ ውስጥ እንዳትሞክሩት አደራ። የተረፈውን ጥቁር ውሃ ቦርከና ወንዝ ላይ አትድፉት፣ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል።