ሞዲፋይ የተደረገ አሮጌ ሞተር ሳይክል ጉልበት ሲያጣ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ሞተሩ ይነሳል። ሚኒሞው፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጠው ቆሞ መዞሩ፣ ደህና ነው። መንገድ ሲወጣ ግን አይስብም። በፊት በአራተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዳገት አሁን በሁለተኛ እያቃሰተ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተሩ ላይ ነው። ካቻቢቴ ይመዘዛል፣ ብሎኖች ይዞራሉ፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል። እባካችሁ ካርቡራተሩን ለጊዜው ተዉት። ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ።

ጉልበቱ የጠፋው መቼ ነው?

ሞዲፋይ በተደረገ ሞተር ላይ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለም። አልስብ ያለው ፊልትሮው፣ ማርሚታው ወይም ካርቡራተሩ ከተቀየረበት ቀን ጀምሮ ነው? እንግዲያው አዲሱ ዕቃና የቀረው ሞተር አልተስማሙም። መፍትሄው ማስተካከል ነው። ወይስ ከተቀየረ በኋላ ለረጅም ጊዜ በደንብ ሲሄድ ቆይቶ ነው የደከመው? ያኔ ማስተካከያው ጥፋት የለበትም። የሆነ ነገር አልቋል፣ ተደፍኗል ወይም ተሰብሯል። እሱ ሳይገኝ ካርቡራተር መነካካት በሽታውን መሸፈን ነው።

ስለዚህ ወረቀት አውጡና የተቀየረውን ሁሉ ጻፉ። የአየር ፊልትሮ፣ ማርሚታ፣ ካርቡራተር፣ ፒስተን፣ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ)፣ የሰንሰለቱ ጥርሶች፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ። ሞተሩን ከሌላ ሰው ከገዛችሁት በወሬ አትመኑ፣ በዓይናችሁ እያያችሁ ጻፉ። ፋብሪካው በመመሪያው ያሰፈረው የካርቡራተር ልክ ለእናንተ ሞተር ላይሰራ ይችላል። የቫልቭ ክፍተቱ ግን ካምሻፍቱ እስካልተቀየረ ድረስ ይሰራል።

ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነት ግን የለም

ጋዝ ስትሰጡት ድምፁ ሽቅብ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ባለበት ይቀራል። ይህ የሞተር ድካም አይደለም። ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው ፍሪሲዮን እየተንሸራተተ ነው። ለማረጋገጥ መንገዱ ክፍት በሆነበት ቦታ በከፍተኛ ማርሽ ዝግ ብላችሁ እየሄዳችሁ ድንገት ሙሉ ጋዝ ስጡት። ድምፁ ከፍጥነቱ ተለይቶ ከሸሸ አገኛችሁት። መጀመሪያ ገመዱን እዩ፤ የፍሪሲዮኑ እጀታ ሥሩ ጋ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ላላ ማለት አለበት። ቀጥሎ ዘይቱ ነው። ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ የሚሠራ ከሆነ አንዳንድ የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል። የዘይቱ ዕቃ ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል፣ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ያለበትን ግዙ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሸራዎቹና ስፕሪንጎቹ ይፈተሹ። ጉልበቱ የተጨመረ ሞተር ላይ የፋብሪካው ስፕሪንግ አቅም ሊያንሰው ይችላል።

እግረ መንገዳችሁን ጎማውን ከመሬት አንሱና በእጅ አሽከርክሩት። ፍሬን የያዘው ጎማ ብዙ ጉልበት ይበላል። የሰንሰለቱ የፊት ጥርስ በትልቅ ከተቀየረም ዳገት ላይ መድከሙ ብልሽት ሳይሆን የተመረጠ ነገር ነው።

ጥቂት ሄዶ ይደክማል፣ ቆሞ ሲያርፍ ይሽላል

ይህ የነዳጅ እጥረት ምልክት ነው። መንስኤው ብዙ ጊዜ ከሚጠበቀው በላይ ቀላል ነው፤ የነዳጅ ታንኩ ክዳን መተንፈሻ ተደፍኗል። ነዳጁ ሲወጣ በምትኩ አየር ካልገባ ፍሰቱ ይቆማል። ሞተሩ መድከም ሲጀምር ቁሙና ክዳኑን ክፈቱ። አየር ስስ ብሎ ሲገባ ከሰማችሁ፣ ሞተሩም ወዲያው ከተሻለው ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። መተንፈሻውን አጽዱ።

ካልሆነ ቱቦውን ከካርቡራተሩ ነቅላችሁ ነዳጁን ዕቃ ውስጥ አፍስሱ። ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። እየቀጠነ ከሄደ የመክፈቻው ወንፊት በዝገት ተሞልቷል። በአሮጌ ታንክ ይህ የተለመደ ነው። ወንፊቱን ብቻ አጥቦ መመለስ ግን ለአንድ ሳምንት ነው፤ ታንኩ ራሱ ከዝገቱ መጽዳት አለበት።

ጋዙ የት ሲደርስ ነው የሚሰንፈው?

እዚህ ላይ ሲደረስ ነው ስለ ካርቡራተሩ መነጋገር የሚቻለው። የጋዝ እጀታው ላይና ከጎኑ ባለው የማይንቀሳቀስ ክፍል ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፉ። ሲዘጋ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛና ሙሉ ሲከፈት የት እንደሚደርስ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ንዱት፣ የሚሰንፍበትንም መስመር ያዙ። በጥቂት ሳንቲም የሚሠራ ነገር ነው፤ የስንት ቀን ግምት ግን ያድናል።

ከተዘጋበት እስከ አንድ ስምንተኛ ድረስ የሚያዘው የሚኒሞው ጄት ነው፣ ማለትም ነዳጅ የምትለካው ትንሿ የነሐስ ቀዳዳ፣ ከማስተካከያ ብሎኗ ጋር። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ የሚያዘው በጋዙ የሚነሳው መርፌ ነው። ከሦስት አራተኛ በላይ ዋናው ጄት። እስከ ግማሽ በደንብ ስቦ ሙሉ ጋዝ ላይ የሚታነቅ ሞተር ላይ የሚኒሞ ብሎን ማዞር ለምን እንደማይጠቅም ከዚህ ይታያል።

የሚሰንፍበትን ቦታ ካገኛችሁ ነዳጅ አንሶት ይሁን በዝቶበት ለዩ። እዚያው የጋዝ መጠን ላይ ሆናችሁ ቾኩን (በቀዝቃዛ ሲነሳ ነዳጅ የሚያበዛውን) ትንሽ ሳቡት። ከተሻለው ነዳጅ አንሶታል። ከባሰበት በዝቶበታል። ካንዴላውም ይመሰክራል። ሙሉ ጋዝ ይዛችሁ ጥቂት ከሄዳችሁ በኋላ ፍሪሲዮኑን ይዛችሁ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ፣ ሚኒሞ ላይ ሳይቆይ ካንዴላውን ፍቱት። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው። ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሷል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን ያሳያል። በዘይት የራሰ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የካርቡራተር አይደለም፣ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው።

ክፍት ፊልትሮና ክፍት ማርሚታ የተገጠመለት ሞተር ብዙ ጊዜ ነዳጅ ያንሰዋል፣ አየሩ ጨምሮ ነዳጁ ባለበት ስለቀረ። ይህን ቸል አትበሉ። ነዳጅ አንሶት በሙሉ ጋዝ የሚነዳ ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል፣ ፒስተን እስከመብሳት ይደርሳል። ዋናውን ጄት አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉና ሞክሩ፣ ካንዴላውን እዩ፣ እንደገና ሞክሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከተቀየረ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ከፍታም ይግባበት፤ በየ1000 ሜትሩ ሞተር 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፣ ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተርም ደጋ ሲወጣ ነዳጅ ይበዛበታል።

ካርቡራተራችሁ ዲያፍራም የሚባል ስስ ጎማ ያለው ዓይነት ከሆነ ክዳኑን ክፈቱና ዲያፍራሙን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ በስሱ ለጥጡት። የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ስንጥቅ ብትኖር እንኳ የካርቡራተሩን ተንሸራታች ፒስተን በሙሉ አያስነሳውም፣ ሞተሩም ከተወሰነ ዙር በላይ እምቢ ይላል። በካርቡራተር ማጽጃ ኬሚካል አትንኩት፣ ጎማውን ያበላሸዋል።

በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ያለው ጎማም ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ በተለይ ልኩ ያልሆነ ካርቡራተር በግድ ከተገጠመበት። ሚኒሞ ላይ እያለ ጎማውን ዙሪያውን በውሃ እርጩት። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ አየር እየገባ ነው። በቤንዚን የሚሞክሩ አሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ እሳት መጥራት ነው።

ቀዝቃዛ ሲሆን ጎበዝ፣ ሲሞቅ ደካማ

ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ፤ እሳትና ቫልቭ። ለመለየት ትርፍ ካንዴላ ይዛችሁ ንዱ። ሲደክም ቁሙና የካንዴላውን ገመድ ከትርፉ ጋር አገናኝታችሁ፣ ብረቱን ሞተሩ ላይ አስነክታችሁ የማስነሻውን ፔዳል ምቱ። ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ መታየት አለበት። ቀጭን ብርቱካናማ ከሆነ ወይም ከቆራረጠ ቦቢናውን (ለካንዴላው ከፍተኛ ኃይል የሚሰጠውን ጥቅል ሽቦ)፣ የካንዴላውን ቆብና እሳት የሚያዘውን የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠርጥሩ። ቦቢና ውስጥ የተቆረጠ ቀጭን ሽቦ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል፣ ሲግል ይለያያል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ብቻ ለክቶ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ፑንቲና (እየተከፈተ እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳ መገናኛ) ባለው አሮጌ ሞተር ደግሞ የፑንቲናው መርገጫ ሲያልቅ ክፍተቱ ይጠባል፣ እሳቱም ይዘገያል። የዘገየ እሳት ጉልበት ይገድላል፣ የማርሚታውን አንገትም ያግላል።

እሳቱ ደህና ከሆነ ቫልቮቹ ላይ ኑ። ክፍተቱ የሰፋ ቫልቭ ይንኳኳል፣ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ክፍተቱ የጠፋ ግን ድምፅ የለውም። ሞተሩ ሲሞቅ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ የሚያምቀው አየር፣ ያመልጣል፣ ቫልቩም ይቃጠላል። ሞተሩ «ጸጥ ብሎ ይሠራል» ተብሎ ሲመሰገን እኔ መጀመሪያ የማስበው ይህንን ነው። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ፣ የማግኔቶውን የቲ ምልክት ከመስመሩ ጋር አገናኙ። ሁለቱም የቫልቭ መግፊያዎች በእጅ ላላ ካላሉ በጭስ ማስወጫው ዙር ላይ ናችሁ፤ ሞተሩን አንድ ሙሉ ዙር አዙሩት። ከዚያ በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው በታወቀ ስስ የብረት ልሳኖች) ለኩ፤ በትንንሽ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። ልሳኑ በስሱ እየያዘ መንሸራተት አለበት።

በየትኛውም ሁኔታ ደካማ ነው

ይህ ከሆነ ኮምፕሬሽን ይለካ። ሞተሩ ይሙቅ፣ ካንዴላው ወጥቶ በቦታው የኮምፕሬሽን መለኪያው ጌጅ ይግባ፣ ጋዙ ሙሉ ይከፈት፣ የጌጁ ቀስት መውጣት እስኪያቆም ይመታ። ጋዙ ካልተከፈተ ውጤቱ ሐሰት ነው። ጤናማ ትንሽ አራት ምት ሞተር ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ባር ያሳያል። ሲነሳ ኮምፕሬሽን የሚለቅ መሣሪያ ያለው ሞተር ግን ጤነኛ ሆኖም ዝቅ ያለ ያሳያል። ውጤቱ ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩና ድገሙት። ከፍ ካለ የፒስተኑ ሪንግ ወይም ሲሊንደሩ አልቋል። ካልተለወጠ ቫልቮቹ ወይም የቴስታታው (የሲሊንደሩ የላይ ክዳን) ጉዋርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ናቸው። ሲሊንደሩ ሰፍቶ ትልቅ ፒስተን የገባበት ሞተር ላይ የጉዋርኒሲዮኑ ቀዳዳም አብሮ መስፋቱን አረጋግጡ።

ኮምፕሬሽኑ ያነሰው የቴስታታው ሥራ ተሠርቶ ከተገጣጠመ በኋላ ከሆነ የካምሻፍቱ ሰንሰለት በአንድ ጥርስ ስቶ ሊሆን ይችላል። ቴስታታውን እንደገና ከማውረዳችሁ በፊት የጎን ክዳኑን ከፍታችሁ ምልክቶቹን እዩ።

ሁለት ምት ሞተር ከሆነ ቫልቭ የለም፤ በምትኩ ማርሚታውን በካርቦን ከመደፈን፣ የአየር መግቢያውን ምላሶች ከመሰንጠቅ፣ የክራንኩን ዘይት መያዣ ጎማዎች ከማለቅ አንጻር ፈትሹ። በማግኔቶው በኩል ያለው ጎማ ሲያልቅ አየር ያስገባል፣ ሞተሩም ነዳጅ እንዳነሰው ይሆናል። ማግኔቶውን አውልቃችሁ ከኋላው የነዳጅና የዘይት እርጥበት ካያችሁ ጎማው ይቀየር።