የዲ-ዳይመር ምርመራ ውጤትን እንዴት ማንበብ ይቻላል?

ዲ-ዳይመር የሚባለው የደም ምርመራ በአብዛኛው የሚታዘዘው አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው፦ በእግር ጥልቅ ደም መላሽ ሥር ወይም በሳንባ ውስጥ የረጋ ደም አለ ብሎ መስጋት ይገባል ወይስ ስጋቱን መተው ይቻላል? ውጤቱ በወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ሆኖ ስለሚመጣ ለማንበብ ቀላል ይመስላል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ የታላቅ እህቴን ውጤት በተሳሳተ መንገድ ተርጉሜላት ነበር፤ የሆነውን ከታች በቦታው እጽፈዋለሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ውጤቱን ይዘው ከሐኪምዎ ጋር በሚገባ እንዲነጋገሩ ማገዝ ሲሆን የሐኪሙን ውሳኔ የሚተካ አይደለም።

ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ አየር ወደ ውስጥ ሲስቡ የሚብስ የደረት ሕመም፣ ደም የቀላቀለ አክታ ወይም ራስን መሳት ካለ ግን ማንበቡን ትተው አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ።

1. የሚለካው ነገር ምን እንደሆነ ይወቁ

ደም በሚረጋበት ጊዜ ፋይብሪኖጅን የተባለው በደም ውስጥ የሟሟ ፕሮቲን ወደ ፋይብሪን ክሮች ይለወጣል፤ ክሮቹም እርስ በርስ ተሳስረው የረጋውን ደም እንደ መረብ አጥብቀው ይይዙታል። ሰውነት ደግሞ ፕላዝሚን በተባለ ኢንዛይም ይህንኑ መረብ መበጣጠስ ይጀምራል፤ ከሚወጡት ቁርጥራጮች አንዱ ዲ-ዳይመር ነው። እንግዲህ ምርመራው የረጋውን ደም ራሱን አያይም፤ የሚለካው የፍርስራሹን መጠን ነው። ፍርስራሽ ከሌለ የፈረሰ ነገር የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ፍርስራሽ ሲበዛ ግን ከየትኛው የአካል ክፍል እንደመጣና በምን ምክንያት እንደመጣ ቁጥሩ አይነግረንም።

2. ከምርመራው በፊት የተሰጠውን ግምት ይጠይቁ

ሐኪሞች ይህን ምርመራ ከማዘዛቸው በፊት የመርጋት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ይገምታሉ። ለዚህም ብዙዎቹ ዌልስ የተባለውን የነጥብ አሰጣጥ ይጠቀማሉ፤ በቅርቡ የተደረገ ቀዶ ሕክምና፣ ለቀናት አልጋ ላይ መዋል፣ ካንሰር፣ ከዚህ በፊት የደም መርጋት አጋጥሞ ከነበረም እርሱ፣ እያንዳንዳቸው ነጥብ አላቸው። የአንዱ እግር ባት ከሌላው ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ወፍሮ መገኘቱም እንዲሁ ነጥብ ያስቆጥራል። ግምቱ ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ሲሆን ነው ዲ-ዳይመር በእርግጥ የሚጠቅመው። ግምቱ ከፍተኛ ከሆነ ውጤቱ ዝቅ ቢልም የረጋ ደም የለም ለማለት ስለማያስተማምን በቀጥታ ወደ አልትራሳውንድ ወይም ወደ ሲቲ ስካን መሄድ ይሻላል። በእኔ እምነት ማንኛውም ታካሚ «የእኔ ዕድል ዝቅተኛ ነው ወይስ ከፍተኛ ብለው ገመቱት?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል፤ ያለዚህ መልስ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

3. ደሙን ይስጡ

መጾም አያስፈልግም። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ ግን አስቀድመው ይናገሩ፤ መድኃኒቱ ውጤቱን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።

4. ከቁጥሩ በፊት መለኪያውን ያንብቡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ዲ-ዳይመርን ሁሉም ላብራቶሪ በአንድ ዓይነት መለኪያ አይጽፈውም፤ ልዩነቱም ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ልዩነት ተራ የመለኪያ ጉዳይ ነው። 500 ናኖግራም በሚሊ ሊትር፣ 0.5 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር እና 0.5 ሚሊግራም በሊትር አንድ ናቸው። አንዱ ላብራቶሪ 430 ብሎ ሲጽፍ ሌላው 0.43 ቢል ልዩነቱ የአጻጻፍ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ግን ይበልጥ አደገኛ ነው። አንዳንድ መሣሪያዎች ውጤቱን የሚሰጡት ቁርጥራጩ ከተገኘበት የፋይብሪኖጅን መጠን አንጻር ሲሆን፣ ይህ መለኪያ ኤፍ-ኢ-ዩ ይባላል። ሌሎቹ ደግሞ የዲ-ዳይመሩን የራሱን ክብደት ብቻ ይሰጣሉ፤ ይህኛው ዲ-ዲ-ዩ ይባላል። ፋይብሪኖጅን ከዲ-ዳይመር ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ፣ ለአንድ ዓይነት ደም የኤፍ-ኢ-ዩ ቁጥር የዲ-ዲ-ዩን እጥፍ ያህል ሆኖ ይወጣል። በመሆኑም በስፋት የሚታወቀው የ500 ወሰን የሚሠራው በኤፍ-ኢ-ዩ ለተጻፈ ውጤት ብቻ ነው፤ በዲ-ዲ-ዩ ከሆነ ወሰኑ ወደ 250 ገደማ ይወርዳል።

ታላቅ እህቴ የግራ ባቷን ሲያማት ተመርምራ ውጤቱን በስልክ አነበበችልኝ፦ «410 ይላል፣ ናኖግራም በሚሊ ሊትር።» ወሰኑ 500 መሆኑን አንብቤ ስለነበር «ከወሰኑ በታች ነው፣ አትጨነቂ» አልኳት። እርሷም አምናኝ ውጤቱን ለሐኪሟ ሳታሳይ ሁለት ቀን ቆየች። እግሯ ማበጡን ሲቀጥል አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሟ ወረቀቱን ተቀብለው ቁጥሩን አልፈው ጣታቸውን በቀኝ ጠርዝ ላይ አሳረፉ፤ እዚያ በደቃቅ ፊደል ዲ-ዲ-ዩ የሚል ምልክት አለ፣ ከጎኑም «ከ250 በታች» የሚል የላብራቶሪው ወሰን። የእህቴ 410 በእኔ አእምሮ ውስጥ በነበረው መለኪያ 820 ያህል መሆኑ ነው። ሁለቱን ባቶቿን በሜትር ሲለኳቸው የግራው በ4 ሴንቲ ሜትር በልጦ ተገኘ፤ በዚያው ዕለት የተነሣው አልትራሳውንድም ከጉልበቷ ጀርባ ባለው ደም መላሽ ሥር ውስጥ የረጋ ደም አሳየ። ወደ ሳንባዋ ሳይሄድ ሕክምና ጀመረች። እነዚያ ሁለት ቀናት ግን የጠፉት በእኔ ምክር ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን በስልክ አይንገሩ፣ በስልክም አይቀበሉ። የወረቀቱን ሙሉ ፎቶ ይላኩ፤ ቁጥሩ፣ መለኪያውና የላብራቶሪው የራሱ ወሰን ሦስቱም ይታዩ። ቁጥር ብቻ አስገብተው «መደበኛ» ወይም «ከፍተኛ» የሚሉ የኢንተርኔት ማስያዎችን አልመክርም፤ የመለኪያውን ዓይነት የማይጠይቅ ማስያ እኔ የሠራሁትን ስሕተት ነው የሚደግመው።

5. ዕድሜን ያስቡ

የዲ-ዳይመር መጠን ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ለሆኑና የመርጋት ዕድላቸው ከፍተኛ ነው ተብሎ ላልተገመቱ ሰዎች፣ ብዙ ሐኪሞች ዕድሜን በ10 በማባዛት ወሰኑን ያስተካክላሉ፤ ለ72 ዓመት ሰው 720 ይሆናል ማለት ነው። በ10 የሚባዛው ለኤፍ-ኢ-ዩ ሲሆን በዲ-ዲ-ዩ ከሆነ በ5 ነው። ወረቀቱ ላይ የሚታተመው ወሰን ብዙውን ጊዜ ይህን ስለማያካትት፣ አረጋዊ ወላጅዎ «ከፍተኛ» የሚል ምልክት ሲያዩ ከመደናገጣቸው በፊት ሐኪሙን ይጠይቁላቸው።

6. ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ለየብቻ ይተርጉሙ

ዝቅተኛ ውጤትና ዝቅተኛ ግምት አንድ ላይ ሲገኙ፣ የረጋ ደም የለም ብሎ መተው ይቻላል፤ የምርመራው ዋና ጥቅም ይህ ነው። ምልክቶቹ ከጀመሩ ሳምንታት ካለፉ፣ ወይም የረጋው ደም በባት ውስጥ ያለ ትንሽ ከሆነ፣ ውጤቱ በሐሰት ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሕመሙ ከባሰ ወረቀቱን ተማምነው ቤት አይቀመጡ።

ከፍተኛ ውጤት ግን ብቻውን ደም ረግቷል ማለት አይደለም። እርግዝና (በተለይ ወራቱ ሲገፉ)፣ ኢንፌክሽን፣ ቀዶ ሕክምና፣ አደጋና ስብራት፣ ካንሰር፣ የጉበት ሕመም፣ ሁሉም ውጤቱን ከፍ ያደርጉታል። ከፍተኛ ሲሆን የሚከተለው እርምጃ ሥዕላዊ ምርመራ ነው፦ ለእግር አልትራሳውንድ፣ ለሳንባ ደግሞ በአብዛኛው በደም ሥር በሚሰጥ ማቅለሚያ የሚነሣ ሲቲ ስካን። ያለዚህ ማረጋገጫ ከዘመድ የተረፈ ደም ማቅጠኛ መዋጥ ለከባድ የደም መፍሰስ ሊያጋልጥ ስለሚችል ፈጽሞ አይሞክሩት።

7. ምርመራው የሚደገም ከሆነ

አንዳንድ ሐኪሞች ደም ማቅጠኛው ከቆመ ከሳምንታት በኋላ፣ ደሙ እንደገና የመርጋት ስጋት እንዳለው ለመገመት ምርመራውን ይደግሙታል። በዚህ ጊዜ የተለያዩ መሣሪያዎች ውጤት እርስ በርሱ ስለማይነጻጸር ወደ መጀመሪያው ላብራቶሪ ይመለሱ፤ ካልተቻለ የቀድሞውን ወረቀት ይዘው ይሂዱና ሁለቱን ለሐኪሙ ጎን ለጎን ያሳዩ።