በውርጭ አገር ዶሮ ስናረባ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳር ሲገባ ሌሊቱ ሌላ ነው። ሣሩ ነጭ ሆኖ ይነጋል፤ የዶሮዎቹ ውኃ ላይ ስስ በረዶ ይጋገራል። ስልኬ መጮኽ የሚጀምረውም በዚያው ሰሞን ነው። «ብርዱ ዶሮዎቼን ፈጀብኝ» ይሉኛል። ሄጄ ሳይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፈጃቸው ብርዱን ፈርተን የምናደርገው ነገር ነው። ከጓሮዬ ዶሮ ሳይጠፋ 12 ዓመት ሆነኝ፤ ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ያልሠራሁት ጥቂት ነው።

ቤቱን ማፈን

ይሄን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጥርም። ጀማሪው ውርጩን ይፈራል። ላስቲክ ይገዛል። በጣሪያውና በግድግዳው መሀል ያለችውን ክፍተት በጭቃ ይደፍናል፤ የቀረችውን ቀዳዳ ጆንያ ይወትፍባታል። ማታ በሩን ሲዘጋ ደስ ይለዋል።

ውስጥ የሚሆነውን አስቡት። አርባ ዶሮ ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳል። ትንፋሹ እርጥብ ነው። ኩሱም አብዛኛው ውኃ ነው። ያ ሁሉ እርጥበት መውጫ ሲያጣ ቆርቆሮው ላይ ጠል ይሆናል፤ ሊነጋጋ ሲል ጉዝጓዙ ላይ ይንጠባጠባል። የራሰ ጉዝጓዝ ደግሞ አሞንያ ያወጣል። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ፣ እነሱ ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ውስጥ ነው ያደሩት። ዓይናቸው ያለቅሳል፣ ያስነጥሳሉ፣ ቀጥሎ የመተንፈሻ በሽታው ይገባል። አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋም እርጥብ ሆኖ ውርጭ ሲያገኘው ጫፉ ይጠቁራል።

ደረቅ ዶሮ ብርድ ትችላለች። ላባዋን ነፋ አድርጋ በመሀሉ ሙቅ አየር ትይዛለች፤ ሰውነቷ ራሱ 41 ዲግሪ ገደማ ነው። እርጥብ ዶሮ ግን ላባዋ ይተኛል፤ ያኔ አትችልም።

ስለዚህ ላይኛውን ክፈቱ። ከጣሪያው ሥር በሁለት በኩል አንድ ስንዝር የሚሆን ክፍተት ተዉና ሸለምጥማጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ምቱበት። ከቆጡ ወደ ታች ያለውን ደግሞ አጥብቃችሁ ድፈኑ። ማታ ገብታችሁ ጭንቅላታችሁን ከቆጡ ትክክል አድርጉ። ፊታችሁ ላይ ነፋስ ከተሰማችሁ እነሱንም እየመታቸው ነው።

አምና አንዲት ልጅ ጠራችኝ። ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቷ ነው፤ ባላት ገንዘብ ሁሉ ቦቫንስ የሚባሉትን የእንቁላል ዶሮዎች 40 ገዝታለች። «ጋሼ፣ ላስቲኩን ሁለት ድርብ አድርጌዋለሁ፣ አሁንም ያስነጥሳሉ» አለችኝ። ላስቲኩን ከላይ መቅደድ ስጀምር እጄን ያዘችኝ። «ያልቃሉ እኮ!» አንድም አላለቀም። የራሰውን ጉዝጓዝ አውጥተን ደረቅ የገብስ ጭድና ሰጋቱራ አንድ ስንዝር ያህል አለበስነው። በአራተኛው ቀን ሽታው ጠፋ። ፈሪ ልጅ ናት፣ ግን ፍርሃቷ ከመውደድ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ጀማሪ ይማራል።

በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ

ይሄን የምጽፈው እኔው ስላደረግሁት ነው። በመጀመሪያው ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ 80 የአንድ ቀን ጫጩት አመጣሁ። መብራት ጠፋ። ከሰል አንድጄ ጢሱ አልቆ ፍም ሲሆን አስገባሁና በሩን ዘጋሁ። ጠዋት 53ቱ ሞተው አገኘኋቸው። በብርድ የሚሞት ጫጩት ተደራርቦ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቶ ነው የሚገኘው። የእኔዎቹ ግን በየቦታቸው ተዘርግተው ነበር። እኔም ለሰው ሁሉ «ብርድ ነው» ስል ከረምኩ። ኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም አወዳደቃቸውን ጠይቆኝ፣ የገደላቸው የከሰሉ መርዝ እንደሆነ ነገረኝ።

ከሰል ስለቀላ፣ ጢሱም ስላለቀ መርዙ አለቀ ማለት አይደለም። መርዙ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ፣ ሽታም ቀለምም የለውም። ጫጩት ብቻ አይደለም የሚገድለው። አንዲት ጎረቤቴ ጫጩቶቿን ስትጠብቅ ከማንደጃው አጠገብ እንቅልፍ ወስዷት፣ ልጇ በሩን ባይከፍት ኖሮ ዛሬ አናገኛትም ነበር። እባካችሁ፣ ከጫጩት ጋር ከሰል አንድዳችሁ አትተኙ።

መብራት ካለ የማሞቂያ አምፖል ይበቃል። ሲጠፋ ደግሞ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሙቅ ውኃ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ መሀላቸው አስቀምጡ፤ ሲበርድ ቀይሩ። መብራት ለሌለው ገበሬ ተብሎ በአገራችን የተሞከረም ሳጥን አለ፤ ግድግዳው በጭድ የተሞላ ነው፣ የጫጩቶቹን የገዛ ሙቀት ይዞ ያቆያል። አናጺ በአንድ ቀን ይሠራዋል።

ሙቀቱ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን፤ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ቀንሱ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ጫጩቶቹን እዩ። አምፖሉ ሥር ከተጠቀጠቁ በርዷቸዋል፤ ጥግ ይዘው ካለከለኩ ሞቋቸዋል።

በኅዳርና በታኅሣሥ የአንድ ቀን ጫጩት መግዛት

አትግዙ። ዋጋው ወደድ ቢልም ላባ ያወጣና የተከተበ የ45 ቀን ጫጩት ውሰዱ። እሱንም በሌሊት፣ ክፍት ፒክአፕ ላይ ጭናችሁ አታምጡት።

ሞትን ሁሉ «ብርድ» ማለት

ይሄ ያናድደኛል። አንገቷ የተጠመዘዘ፣ አረንጓዴ የሚያስቀምጣት፣ የምታንኮራፋ ዶሮ እያየን «ብርድ መታት» እንላለን። ያ ፈንግል ሊሆን ይችላል። ፈንግል መድኃኒት የለውም፤ ያለው ክትባት ነው። ክትባቱም አብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል፤ ስለዚህ ስትገዙ በምን እንደምትወስዱት አስቡ። በመጠጥ ውኃ የሚሰጠውን ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውኃ አትበጥብጡት።

ለገና ከገበያ የገዛችሁትን ዶሮ ከሌሎቹ ጋር መልቀቅም ያው ነው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻ አቆዩት። በሽታው እግሩን ተከትሎ ነው የሚገባው።

እንቁላል ሲቀንስ አምፖል መጨመር ብቻ

ብዙ ወጣቶች የፈረንጅ ቪዲዮ አይተው ይመጣሉ። እዚያ በብርድ ወቅት ቀኑ በጣም ያጥራል፤ መብራት ካልተጨመረ ዶሮ መጣል ትቀንሳለች ወይም ታቆማለች። እኛ ጋ ግን በታኅሣሥም ቢሆን የቀኑ ብርሃን 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መብራት መጨመር ይጠቅማል፣ አልጠላውም። የእኛ ትልቁ ችግር ግን መኖ ነው። በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የምትበላ ጣይ ዶሮ በውርጭ ሌሊት ሰውነቷን ለማሞቅ ተጨማሪ ያስፈልጋታል። ያንኑ የመስከረሙን መጠን ከሰጣችኋት ለሙቀቷ ታውለዋለች፤ ለእንቁላል አይተርፍም። የጣይ መኖዋን ሳትቀንሱ፣ ቆጥ ከመውጣቷ በፊት ትንሽ በቆሎ ወይም ስንዴ ጨምሩላት። ሌሊቱን ቀስ እያለ ይፈጫል።

ፉርሽካ ብቻውን መኖ አይደለም።

ውኃውን እንደ ትንሽ ነገር ማየት

ያልጠጣች ዶሮ አትበላም፤ ያልበላች አትጥልም። መጠጫውን ማታ አውጡት፣ ጠዋት ለብ ያለ ውኃ ሞልታችሁ መልሱት። በቃ።

ቀጭን ቆጥ

እንጨቱ ሰፋ ይበል፤ ዶሮዋ ስትቀመጥ ጣቶቿን በሆዷ ላባ እንድትሸፍን።

በጥር ተስፋ ቆርጦ መሸጥ

እንቁላሉ ቀንሶ መኖው ሲወደድ ሰው ይሰለቸዋል፤ ይገባኛል። ግን የካቲት ሲጋመስ ውርጩ መልቀቅ ይጀምራል። አምና አንድ ሰው በጥር መጨረሻ 14 ጣይ ዶሮዎቹን በሥጋ ዋጋ አወጣቸው። ስድስቱን እኔ ገዛሁ። ለብቻ አቆይቼ በቆሎና ደረቅ ጉዝጓዝ ሰጠኋቸው። የካቲት ሲያልቅ አምስቱ ይጥሉ ነበር።