የምን 12.5? በበረሃ አገር የስንዴ ሥራ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ጅዳ ውስጥ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በመጥረጊያ፣ የቀሩትን በላብራቶሪ። ሰሞኑን ወደዚያው ሥራ ሊሄድ የተዘጋጀ አንድ የአገሬ ልጅ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ፕሮቲኑ 12.5 ከሆነ ስንዴው ጥሩ ነው አይደል?» አለኝ። ስልኩን ልዘጋበት ምንም አልቀረኝም። ልጁ ግን ምን ያድርግ፤ እኔም በዕድሜው ይህንኑ ነበር የምለው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩለት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ቁጥሩን አይቶ የምን ቁጥር እንደሆነ አለመጠየቅ

በዚህ ላይ ብዙ እናገራለሁ፣ ታገሱኝ።

የሳዑዲ መንግሥት በጨረታ ሲገዛ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፤ ጠንካራ ስንዴ፣ ፕሮቲን 12.5 በመቶ። ሻጩ ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከሰሜን ወይም ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአውስትራሊያ ወይም ከጥቁር ባሕር አካባቢ መርጦ እንዲያመጣ ይፈቀድለታል። ለገዢው ዋጋ ይቀንስለታል። ወፍጮው ላይ የቆመው ሰው ግን የሚመጣው ስንዴ የየት አገር እንደሆነ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ያኔ በእጁ ያለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ላይም ያ 12.5 አለ።

የምን 12.5? አውሮፓውያን ፕሮቲንን የሚጽፉት ስንዴው ውስጥ ምንም ውሃ እንደሌለ ቆጥረው ነው። አሜሪካኖች 12 በመቶ እርጥበት አለው ብለው ያሰላሉ፤ አውስትራሊያኖች 11፣ ካናዳውያን 13.5። በአውሮፓ አጻጻፍ 12.5 የሆነውን ስንዴ ወደ አሜሪካኖቹ ስትመልሰው 12.5 ሲባዛ በ0.88፣ ይኸውና 11 ይሆናል። አንድ ነጥብ ተኩል የት ገባ? የትም አልገባ፤ ከመጀመሪያውም አልነበረም። አንድ ጊዜ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ «እኩል ናቸው፣ ቀላቅሏቸው» ያለ አለቃ አጋጥሞኛል። ቀላቀልናቸው። ሳሙሊ የሚባለው ረጅሙ የሳዑዲ ዳቦ ምጣድ ላይ እንደ ቂጣ ጠፍጥፎ ወጣ። አለቃው ዳቦ ጋጋሪዎቹን ነበር የሰደበው።

ይህ እንኳን ቀላሉ ነው። በሒሳብ ይስተካከላል። በሒሳብ የማይስተካከለው ሁለተኛው ነው፤ ፕሮቲኑ በትክክልም 12.5 ሆኖ ስንዴው ግን ሊጥ የማይሆንበት ጊዜ አለ። በጥቁር ባሕር አካባቢና በመካከለኛው ምሥራቅ ሱን ፔስት የሚባል ጋሻ የሚመስል ተባይ አለ። ፍሬው ገና ወተት ሳለ ወግቶ ይመጥጠዋል፤ ሲመጥጥ ምራቁን እዚያው ይተወዋል። ምራቁ ፕሮቲን የሚያፈርስ ነገር አለው። ፕሮቲኑ አልጠፋም፣ መሣሪያው ይቆጥረዋል፤ ዱቄቱ ውሃ ሲያገኝ ግን ምራቁ ይነቃና ግሉተኑን፣ ማለትም ሊጡን አያይዞ የሚይዘውን ፕሮቲን፣ እየበላ ይሄዳል። ሳዑዲ ለዓመታት በዚህ ተባይ የተወጋ ፍሬ ዜሮ ይሁን ትል የነበረው ለዚህ ነበር። በተግባር ደግሞ የሩሲያን ስንዴ በር የዘጋው ያ ዜሮ ነበር። በ2019 ወደ 0.5 በመቶ አላሉት፤ በዓመቱ የሩሲያ ስንዴ መግባት ጀመረ። ማላላቱ ስህተት ነው አልልም። ግማሽ በመቶ በጥንቃቄ ከተቀላቀለ ይፈጫል፤ ርካሽ ስንዴም ለበረሃ አገር ቀልድ አይደለም። ስህተቱ ሕጉ ተቀይሮ ላብራቶሪው ሳይቀየር መቅረቱ ነው።

አንድ ጠዋት አንድ የመናዊ ዳቦ ጋጋሪ ሊጥ በባልዲ ይዞ በራችን ላይ ቆመ። «ያ አኺ፣ ሳቦካው ሊጥ ነበር፤ ፈጅር ሰግጄ ስመለስ ሾርባ ሆነ» አለኝ። እጄን ከተትኩ፤ እውነትም ሾርባ ነው። የዚያን ቀን መዝገባችንን ብታዩ ፕሮቲን 12.7፣ ግሉተን ጥሩ፣ ሁሉም ጥሩ። ምክንያቱም እኛ ሊጡን በውሃ አጥበን ግሉተኑን የምናወጣው ወዲያው እንደተቦካ ነበር፤ ሰውየው ግን እንደ ማንኛውም ጋጋሪ ሊጡን አሳርፎታል። ከዚያ በኋላ ሁለቴ ማጠብ ጀመርን፤ አንዱን ወዲያው፣ አንዱን ሊጡን በ37 ዲግሪ አንድ ሰዓት አሳርፈን። ሁለተኛው እጅህ ላይ ከሟሟ ስንዴው ተወግቷል። ምንም ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ውሃና ትዕግሥት ብቻ። ይህን ያስተማረን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ባለባልዲው ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ 12.5 ሲሉህ መጀመሪያ «በስንት እርጥበት?» በል፤ ከዚያ «አርፎ ሲያድርስ?» በል።

60 ሊትር ውሃ

ይህን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ።

ስንዴ ከመፈጨቱ በፊት ይረጥባል፣ ይተኛል። ቆዳው እንዲለሰልስና ሳይደቅ በሰፊው እንዲላጥ ነው። ደረቅ የአውስትራሊያ ስንዴ መጣ፤ እርጥበቱ 10፣ የተፈለገው 16። በመጀመሪያው የሌሊት ሺፍቴ «ልዩነቱ 6፣ ስለዚህ ለአንድ ቶን 60 ሊትር» ብዬ አዘዝኩ። ትክክል ይመስላል አይደል? ግን ውሃ ስትጨምር ጠቅላላ ክብደቱም ይጨምራል። 60 ሊትር ብትጨምር 15 ብቻ ነው የሚደርሰው። ትክክለኛው ሒሳብ ስድስትን ለ84 አካፍሎ በ1000 ማባዛት ነው፤ 71 ሊትር ከግማሽ ግድም። በሰዓት 20 ቶን ለሚፈጭ ወፍጮ ልዩነቱ በየሰዓቱ ከ200 ሊትር ይበልጣል። ጠዋት ዱቄቱ ጠቁሮ ወጣ። ፉርሽካው ደቅቆ ከዱቄቱ ጋር በወንፊቱ አልፏል። ሱዳናዊው ፎርማናችን ዱቄቱን በጣቱ አሽቶ፣ «ያ ሐበሺ፣ ይህ ለእንጀራ ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሒሳቡን በግድግዳ ላይ በማርከር ጻፍኩት፤ እስክወጣ ድረስ አልጠፋም ነበር።

በበጋ ደግሞ ውሃው ጣራ ላይ ካለ ታንከር ስለሚመጣ ትኩስ ነው፤ ቶሎ ይሰርጋል። በክረምት ሪያድ ያለው ወፍጮ በቀዝቃዛ ውሃ ያንኑ ሰዓት ቢጠብቅ አይበቃውም። ሰዓት ብቻ እያዩ መሥራት ሌላ ስህተት ነው።

ለገዢዎቹም አንድ ቃል፦ ደረቅ ስንዴ ስትገዙ ውሃውን በውሃ ዋጋ ነው የምትጨምሩት። እርጥበቱ 13.5 የሆነ ስንዴ ስትገዙ ግን ውሃውን በስንዴ ዋጋ ከፍላችሁ፣ በመርከብ አሳፍራችሁ ነው የምታመጡት። በ60,000 ቶን መርከብ ላይ በ10 እና በ13.5 መካከል ያለው ልዩነት 2,100 ቶን ነው። ይህን ሳያሰሉ በቶን ሁለት ዶላር ረከሰ ብለው የሚደሰቱ ሰዎችን አይቻለሁ።

ሌሊት ቀዝቃዛ ነው ብሎ ማራገቢያ መክፈት

ሳይሎ (ረጅሙ የስንዴ ጎተራ) ውስጥ ያለው ስንዴ እንዲበርድ አየር ይነፋበታል። ሌሊት መንፋት ሪያድ ውስጥ ትክክል ነው። ጅዳ ውስጥ ጥፋት ነው። የቀይ ባሕር ሌሊት አየሩ የረጠበ ፎጣ ነው፤ ያን አየር ደረቅ ስንዴ ውስጥ ስትነፋ ስንዴው ይጠጣዋል። አንድ ከመሀል አገር የመጣ ወጣት መሐንዲስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌሊት ሌሊት አራገበ። ስናሸት ሳይሎው ጠላ ጠላ ይላል። ክዳኑን ስንከፍት ዳር ዳሩን ስንዴው በቅሏል! በበረሃ ስንዴ ማብቀል ከፈለግህ ይኸው፣ ቀላል ነው። ቴርሞሜትሩን ብቻ ሳይሆን የአየሩን እርጥበት እይ፤ ከ70 በመቶ በላይ ከሆነ እጅህን ከማብሪያው አንሳ።

በበረሃ ስንዴ ማብቀልን ካነሳን አይቀር

አዲስ ገቢ ሁሉ «ይህ ሁሉ ገንዘብ እያላቸው ለምን ራሳቸው አያመርቱም?» ይላል። አምርተዋል። በ1980ዎቹ መንግሥት ለገበሬው ከዓለም ገበያ ዋጋ በብዙ እጥፍ እየከፈለ ስንዴ አስዘራ። በ1984 አገሪቱ ራሷን ቻለች፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዓመት አራት ሚሊዮን ቶን ገደማ ደርሳ ወደ ውጭ ትሸጥ ነበር። ከአውሮፕላን ላይ ቀሲምንና ሐኢልን ያየ ያውቀዋል፤ አሸዋ መሀል የተነጠፉ አረንጓዴ ሰፌዶች። ውሃው ግን ዝናብ የማይተካው፣ በሺሕ ዓመታት ከመሬት ሥር የተጠራቀመ ነው። አንድ ቶን ስንዴ ከ1000 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይበላል። ስለዚህ ወደ ውጭ ይሸጡት የነበረው በአብዛኛው ውሃ ነው።

በ2008 ከአገር ውስጥ የሚገዛውን በየዓመቱ 12.5 በመቶ እየቀነሱ በ2016 ለማቆም ወሰኑ (ይህ 12.5 እዚህም አለ)። ቀጥሎ የመጣውን ግን ልብ በሉ፤ ስንዴው ሲቀር ብዙ ገበሬ አልፋልፋ ወደሚባለው የከብት መኖ ዞረ። ስንዴ ክረምቱን ጠጥቶ ይታጨዳል፤ አልፋልፋ ዓመቱን ሙሉ ይጠጣል። ውሃ ለማዳን የወጣው ውሳኔ ውሃውን ለላም አደረገው። በኋላ የመኖ ሣሩንም መገደብ ግድ ሆነ፤ ስንዴውም በተወሰነ መጠን ተፈቀደ።

«እንግዲያው ውሃ ባለበት ውጭ አገር መሬት ገዝተው ይዝሩ» ማለትም እንደዚያው ስህተት ነው። መሬቱ የአንተ ቢሆን እህሉ የሚወጣው የዚያ አገር መንግሥት በር ሲከፍት ነው። ሩሲያ በነሐሴ 2010፣ ህንድ በግንቦት 2022 በራቸውን ሲዘጉ ይህን ሁሉም አየው።

የጎተራውን ስፋት እንደ እህል መቁጠር

«ሳይሎዎቹ ከሦስት ሚሊዮን ቶን በላይ ይይዛሉ፤ አገሩ በዓመት አራት ሚሊዮን ገደማ ይበላል፤ ስለዚህ የዘጠኝ ወር ስንቅ አለ።» የለም። ሳይሎ ሁሉ አይሞላም፤ የሚመጣውን መርከብ የሚቀበል፣ የሞቀው እህል የሚገለበጥበት ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ዮሴፍ እንኳ ሰባቱን ዓመት ያሳለፈው ጎተራ ስላለው አይደለም፣ ጎተራው ውስጥ እህል ስላለው ነው።

ደግሞስ የት ያለው እህል? ጅዳና ያንቡ በቀይ ባሕር ናቸው፤ ከጥቁር ባሕር የሚመጣ መርከብ በስዊዝ አልፎ ይደርሳቸዋል። ደማም ግን በባሕረ ሰላጤው ነው፤ ያው መርከብ ስዊዝን፣ ባብ ኤል መንደብን፣ ሆርሙዝን ማለፍ አለበት። በመጋቢት 2021 አንድ መርከብ ስዊዝን ለስድስት ቀን ሲዘጋ፣ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ባብ ኤል መንደብ ላይ መርከብ ሲመታ፣ የሁለቱ ዳርቻ ችግር አንድ አልነበረም። ጅዳ ያለ ስንዴ ለደማም ከ1300 ኪሎ ሜትር በላይ በጭነት መኪና የሚሄድ ስንዴ ነው።

ረመዳንን በፈረንጅ ወር መፈለግ

«ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሽያጩ እንዲህ ነበር» እያሉ የዘንድሮውን የሚያቅዱ አሉ። ረመዳን በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ቀድሞ ይመጣል። የሳምቡሳ ዱቄት ጥያቄ፣ የዑምራና የሐጅ እንግዳ፣ የሠራተኛው ሰዓት፣ ሁሉም አብሮት ይሄዳል። በሁለት ካሌንደር ያደግን እኛ ይህን መሳት አልነበረብንም፤ ግን በእኛው እጅ የተሠራ ዕቅድ ተሳስቶ አይቻለሁ።

ነቀዝ

መድኃኒቱን እጥፍ አድርጎ ቀኑን ማሳጠር አይሠራም። ፎስፊን የሚባለው የነቀዝ መግደያ ጋዝ የሚሠራው በቀን ብዛትና በታሸገ ሳይሎ ነው። እንቁላሉ ከተረፈ የሚወለደው ትውልድ ይባስ የለመደ ነው። ጋዙ ሰውንም ይገድላል፤ በመለኪያ ሳይረጋገጥ ማንም አይገባም።

ለአንድ ደቂቃ ብቻ ብሎ ሳይሎ ውስጥ መግባት

በመጥረጊያ ዘመኔ፣ ግድግዳው ላይ የተጋገረ ስንዴ ላራግፍ መጥረጊያዬን ይዤ በላይኛው በር ልገባ ስል፣ ያው ሱዳናዊ ፎርማን ኮሌታዬን ጎትቶ አስወጣኝ። ከታች እየተቀዳ ነበር፤ ከላይ ሲታይ ግን ስንዴው ዝም ብሎ የተኛ ይመስላል። አልተናገረም። መጥረጊያውን ከእጄ ነጥቆ መሀሉ ላይ ወረወረው። ቆሞ ነበር፣ ከዚያ ዘመም አለ፣ ከዚያ እጀታው ብቻ ቀረ፣ ከዚያ ምንም። አሥር እንኳ ቆጥሬ አልጨረስኩም። መጥረጊያው በማግስቱ ማጽጃው ወንፊት ላይ ለሁለት ተሰብሮ ተገኘ፤ ዋጋው ከደመወዜ ተቆረጠ።