ሲቲ ስካን ስታነቡ ትንሿ ሊዥን እንዳታመልጣችሁ

ሲቲ ማንበብ የጀመረ ሰው ጥርት ያለ ምስል ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ግን ሳንባ ላይ ኖዱል (ትንሽ ክብ እብጠት) ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው ምስል ጉበት ላይ ያለውን ሊዥን (ጤናማ ያልሆነ ቦታ) ሊደብቅ ይችላል። ስለዚህ ከመክፈታችሁ በፊት «ምንድነው የምፈልገው?» በሉ። ሌላው ሁሉ የሚወሰነው በዚህ ነው።

መጀመሪያ ፋይሉን እዩ። ከስክሪን ላይ በስልክ ተነስቶ በቴሌግራም የመጣ ፎቶ ላይ ፍርድ አትስጡ፣ ዋናው ዳይኮም (ከማሽኑ የሚወጣው የሕክምና ምስል ፋይል) ይላክላችሁ። ሲቲ ብዙውን ጊዜ 4096 የግራጫ ደረጃዎችን ይይዛል፣ ተራ ጄፔግ ግን 256 ብቻ። የጠፋውን ደግሞ ዊንዶው (ስክሪኑ ላይ ከጥቁር እስከ ነጭ የሚታየውን ክልል) በመነካካት አትመልሱትም።

የስላይስ (አካሉ ተቆርጦ የሚታይበት አንድ ንብርብር) ውፍረት ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ጉድ ያለው እዚህ ነው። በሀውንስፊልድ ስኬል (ሲቲ ጥግግትን በሚለካበት) ውሃ 0፣ አየር -1000 ነው። 2 ሚሊሜትር የሆነች ኖዱል ዋጋዋ 40፣ ዙሪያዋ ያለው ሳንባ ደግሞ -850 ነው እንበል። ስላይሱ 5 ሚሊሜትር ከሆነ መካከሏ ላይ ያለው ፒክስል ሁለት እጅ ኖዱል፣ ሦስት እጅ ሳንባ ይሆናል፣ አማካዩ -494 አካባቢ ነው። ሁለት ስላይስ መሀል ከወደቀች ደግሞ ወደ -670 ትወርዳለች። ያኔ ደብዘዝ ያለች ጥላ እንጂ ኖዱል አትመስልም። በ1 ሚሊሜትር ስላይስ ግን ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ታዲያ ሁሉንም በቀጭኑ ለምን አናነብም? ኖይዝ (ምስሉን የሚያሻክር ብናኝ) ስላለ ነዋ! ከ5 ወደ 1 ሚሊሜትር ስትወርዱ፣ ጨረሩ ሳይጨመር፣ ኖይዙ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ሳንባ ላይ ግድ የለም፣ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ጉበትና ሜታስታሲስ (ከሌላ ቦታ የተሰራጨ ካንሰር) ግን በ20 ወይም በ30 ዩኒት ብቻ ሊለያዩ ስለሚችሉ ኖይዙ ይውጣቸዋል። ጉበትን በ3 ወይም በ5 ሚሊሜትርና በለስላሳው ከርነል (ምስሉን የሚያለሰልስ ወይም የሚያጠራ የኮምፒውተር ማጣሪያ) አንብቡ፣ የጠረጠራችሁት ነገር ካለ ወደ ቀጭኑ ተመለሱ። «ጨረሩን እንጨምር» የሚል አይጠፋም፤ ኖይዝን በግማሽ ለመቀነስ ግን አራት እጥፍ ጨረር ያስፈልጋል። እኔ በበኩሌ አልስማማበትም።

ዊንዶውም እንደዚሁ ነው። ለሳንባ ዊድዝ (የክልሉ ስፋት) 1500፣ ሌቭል (የክልሉ መሀል) -600 ይበቃል። ጉበት ላይ ግን በተለመደው 400 የ20 ዩኒት ልዩነት ከጥቁር እስከ ነጭ ካለው 5 በመቶ ብቻ ነው። ወደ 150 አጥብቡት፣ 13 በመቶ ይሆንላችኋል። ሌቭሉን የጉበቱ ዋጋ ላይ አድርጉት።

ሰዓቱንም አትርሱ። የኮንትራስት (ደም የሚደርስበትን የሚያጎላ መድኃኒት) መርፌ ከተሰጠ ከ70 ሴኮንድ ገደማ በኋላ የሚነሳው ምስል ለአብዛኛው የጉበት ሜታስታሲስ ይመቻል። ደም የሚበዛበት የጉበት ካንሰር ግን በ35ኛው ሴኮንድ አካባቢ ጎልቶ ታይቶ በኋላ ሊደበዝዝ ይችላል። ያ ፌዝ (የዚያ ሰዓት ምስል) ካልተነሳ በምንም ዊንዶው አይመጣም።

ከዚያ የራሳችን ዓይን አለ። በ2013 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ሳንባ ሲቲ ላይ ከተለመደ ኖዱል 48 ጊዜ የሚበልጥ የጎሪላ ምስል አስገቡ። ኖዱል ሲፈልጉ ከነበሩት 24 ራዲዮሎጂስቶች 20ዎቹ አላዩትም! ስለዚህ አንድ ነገር ስታገኙ አትርኩ፣ እንዲያውም ያኔ ነው መጠንቀቅ። የክፍሉን መብራት አደብዝዙ፣ አንድ ሳንባ ብቻ እየተከተላችሁ ከላይ እስከ ታች ስክሮል አድርጉ፣ ከዚያ ሌላኛውን። ደም ስር ይሁን ኖዱል ካምታታችሁ በ10 ሚሊሜትር ኤምአይፒ (ተከታታይ ስላይሶችን ደርቦ በጣም ነጩን ብቻ በሚያሳይ ምስል) እዩት፤ ደም ስር ይረዝማል፣ ኖዱል ክብ ሆና ትቀራለች። ከመዝጋታችሁ በፊት አጥንቱን በአጥንት ዊንዶው እዩ፣ የመጨረሻዎቹን ስላይሶችም አትዝለሉ።

የድሮ ሲቲ ካለ ጎን ለጎን ክፈቱት፣ ግን «አድጓል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የሁለቱም ስላይስ ውፍረትና ከርነል አንድ መሆኑን አረጋግጡ።