ትንተና ሲጠየቁ ታሪክ የሚተርኩ ተማሪዎችን እንዴት እንዳስተካከልሁ

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የልብ ወለድ ትንተና በታዘዙ ቁጥር የሚያስረክቡኝ የታሪኩን ማጠቃለያ ነበር፤ ኃይለ ቃላቸውም (የጽሑፉ ዋና አቋም የሚገለጽበት ዓረፍተ ነገር) በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ስለ ፍቅር የተጻፈ መሆኑን ከመግለጽ አያልፍም። በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ተንትን» ብሎ መጻፍ (እኛ መምህራን በጣም የምንወደው ነገር ነው) ምንም አልረዳም፤ ተማሪው መተንተን ምን እንደሆነ ቢያውቅ ኖሮ ቀድሞውኑ ያደርገው ነበርና።

ለውጥ ያመጣው አንድ ጥያቄ ነው፦ «መጽሐፉን ያነበበ ሰው በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ሊከራከርህ ይችላል?» የማይከራከር ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ መረጃ እንጂ አቋም አይደለም። አንዲት ተማሪ ስለ ልብ ወለዱ ገጸ ባሕርይ ስለ ጉዱ ካሳ «ጉዱ ካሳን ሰዎች እንደ እብድ ያዩታል» ብላ ጽፋ ነበር። ደራሲው ለምን እንዲህ አድርገው እንደሣሉት ስጠይቃት፣ «ሐዲስ ዓለማየሁ ጉዱ ካሳን እንደ እብድ እንዲታይ ያደረጉት፣ የባላባቱን ሥርዓት መተቸት በዚያ ማኅበረሰብ ዘንድ ከእብደት እንደሚቆጠር ለማሳየት ነው» ወደሚል ለወጠችው። ይህ ያከራክራል፤ እንዲያውም ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ።

በአንቀጹ ውስጥ «ከዚያም» እና «በመጨረሻም» የሚሉትን ቃላት ለጊዜው ከለከልሁ። ከእያንዳንዱ ማስረጃ ቀጥሎም ማስረጃው ኃይለ ቃሉን እንዴት እንደሚደግፍ የሚያስረዱ ቢያንስ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እንዲከተሉ ጠየቅሁ። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ሊያገቡ የመጡትን በዘር እያናናቁ መመለሳቸውን ብቻ የጠቀሰ፣ የትውልድ ኩራቱ የልጅቱን ዕድሜ እንዴት እንደበላ ግን ያላብራራ ተማሪ ግማሽ ነጥብ ያገኛል። የሰዋስው እርማቱን ለሁለተኛው ረቂቅ አቆየሁት።